ወር የሚያደርስ አስቤዛ፦ ጠባብ በጀት ይዞ ቤተሰብን በደንብ የመመገብ አሠራር

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባና ከዘመድ «አስቤዛችሁ እንዴት ነው ወር የሚደርሰው?» የሚለው ጥያቄ ስለሚደጋገምብኝ ነው። መልሱን በየጊዜው በቁራጭ ከማስረዳ አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። እዚህ የሚያገኙት በአዲስ አበባ ለሚኖር፣ ሁለት አዋቂዎችና ሦስት ልጆች ላሉት፣ እንጀራውን ቤት ለሚጋግር ቤተሰብ የተለካ ነው። የቤተሰብዎ ቁጥር ከዚህ ከበለጠ ወይም ካነሰ መጠኑን በዚያው ልክ ያስተካክሉ። ዋጋ አልጻፍኩም፤ የዛሬው ዋጋ በሚቀጥለው ሳምንት ላይሠራ ይችላል፣ በኪሎና በሊትር የተጻፈው መጠን ግን አይለወጥም።

አሠራሩ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ የሚቆጠበው ከግዢውና ከማገዶው እንጂ ከሰሃን አይደለም። በተለይ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል የሚቀነሱ ወጪዎች አይደሉም፤ ገንዘቡ ሲያጥር መጀመሪያ የሚጠበቁት እነሱ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ደብተርና እስክርቢቶ
- የኩሽና ሚዛን። ከሌለዎት አንድ ጣሳ ሱቅ ወስደው ግማሽ ኪሎ ሽሮና ግማሽ ኪሎ ምስር ለየብቻ እስከ የት እንደሚሞሉት አስመዝነው ምልክት ያድርጉበት።
- ዘይት ብቻ የሚለካበት አንድ የሾርባ ማንኪያ
- ሰፌድና ወንፊት
- ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም ባልዲዎች ወይም ሰፊ አፍ ያላቸው ደረቅ ጀሪካኖች
- ከባድ ድስት፣ አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ድስቱን የሚይዝ ካርቶን ወይም ቅርጫት

ለ5 ሰው የአንድ ወር መጠን

- የእንጀራ እህል 35 ኪሎ (25 ኪሎ ጤፍ፣ 10 ኪሎ ማሽላ)
- ስንዴ፣ ገብስና አጃ በድምሩ 12 ኪሎ፤ ለቂጣ፣ ለቅንጬ፣ ለበሶና ለአጥሚት
- ጥራጥሬ 15 ኪሎ፦ ሽሮ 6፣ ምስር 3፣ ክክ 3፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ተደምረው 3
- ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዘይት 1
- ድንች 16 ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት 8 ኪሎ
- ጎመን ወይም ቆስጣ በየቀኑ የሚበላ፤ ካሮት ወይም ዱባ በሳምንት 2 ኪሎ
- እንቁላል 30
- በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አዮዲን ያለው ጨው

ጥራጥሬው ለምን ይህን ያህል እንደበዛ ማወቅ ያስፈልጋል። 15 ኪሎ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ኪሎ፣ ለአንድ ሰው 100 ግራም ይሆናል። አንድ ኪሎ ምስር የሚይዘው ፕሮቲን አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ከሚይዘው አያንስም፣ ዋጋው ግን በጣም ያነሰ ነው። ከዚህም ሌላ በእህል ውስጥ የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ስለሚሞላው፣ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ሲበላ ሁለቱ ተደጋግፈው የተሟላ ምግብ ይሆናሉ። ሥጋ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ባይገባ ቤተሰቡ የሚቆመው በዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ለ14 ቀን የሚገዛውን ሁሉ ይጻፉ

ምንም ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ፣ እስካሁን በለመዱት መንገድ እየገዙ፣ ለምግብ የወጣውን እያንዳንዱን ብር ከነመጠኑ በደብተር ያስፍሩ። ልጅ ተልኮ ያመጣት አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትም ትጻፍ። ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ገንዘቡ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ እኛ በጠረጠርነው ቦታ ስላልሆነ ነው። በእኛ ቤት ደብተር በሁለተኛው ሳምንት ብቻ «ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ» የሚል መስመር ዘጠኝ ጊዜ ተጽፎ ነበር። ጤፍ ተወደደ ስንል፣ በየቀኑ ከደጃፍ የምትገዛዋን ሽንኩርትና በትንሽ ጠርሙስ የምትቀዳዋን ዘይት ልብ አላልንም።

በ15ኛው ቀን ወጪዎቹን በየዓይነታቸው ይደምሩና ከሁለት ጊዜ በላይ በትንሽ መጠን የተገዛውን ሁሉ ያስምሩበት። የመጀመሪያው ቁጠባ የሚገኘው ከእነዚያ መስመሮች ነው።

ደረጃ 2፦ ገንዘቡን ደመወዝ በወጣበት ቀን ይክፈሉት

የአስቤዛውን ገንዘብ በሦስት ፖስታ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ወር ሙሉ የሚቆየው ደረቅ አስቤዛ ይገዛል፤ ቅደም ተከተሉም ጥራጥሬ፣ የእንጀራ እህል፣ ዘይት፣ ከዚያ ሌላው ነው። ሁለተኛው ፖስታ ለአራት ሳምንት ተከፍሎ የአትክልትና የእንቁላል ይሆናል። ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ ለወፍጮ፣ ለትራንስፖርትና ድንገት ለሚያልቅ ነገር ይቀመጣል።

የመጀመሪያውን ፖስታ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ እህል ይቀይሩት። በእጅ ያለ ብር ለብዙ ጉዳይ ይጠራል፤ በባልዲ ውስጥ ያለ ምስር ግን ከመበላት በቀር ሌላ ጥሪ የለበትም።

ደረጃ 3፦ የሚገዙበትን ቦታና መለኪያውን ይምረጡ

ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ሲኖራቸው በቅድሚያ የአካባቢዎን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ይጠይቁ። አትክልት በእሁድ ገበያ ይግዙ፤ እህልና ጥራጥሬ ደግሞ ከእህል በረንዳ ወይም ከሚያምኑት ወፍጮ ቤት። ከሰፈር ሱቅ የሚገዛው የተረሳ ነገር ብቻ ይሁን።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ሁሉንም ወደ ኪሎ ወይም ወደ ሊትር ይመልሱት። የ1 ሊትሩን ዘይት ዋጋ በ5 አባዝተው ከጀሪካኑ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። በመደብ የሚሸጥ ድንች ወይም ቲማቲም ርካሽ ይመስላል፣ ነገር ግን አንድ ቀን ገዝተው ቤት በሚዛን ካልለኩት እውነቱን አያውቁም፤ አንዳንዱ መደብ በእርግጥ ይረክሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከላይ ትልልቁ ተደርድሮ ከሥር ትንንሹ የተሞላ ነው።

ጤፍ በኩንታል መግዛት ካልቻሉ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት ሆነው አንድ ኩንታል ይካፈሉ። ከመክፈልዎ በፊት ጤፉን ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመካከልና ከሥርም አስወጥተው ይዩ፤ በመዳፍዎ አሽተው አቧራውን ይመልከቱ፣ ጥቂት አኝከው አሸዋ መኖሩን ይፈትሹ። ጊዜ የመምረጥ አቅም ካለዎት ደግሞ አዲሱ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ፣ ማለትም በጥርና በየካቲት፣ ተጨማሪ መግዛት ከክረምት የዋጋ ንረት ይጠብቃል።

እንቁላልና ቅቤ በጾም ወራት ፈላጊያቸው ስለሚቀንስ ይረክሳሉ። ቅቤ የሚጠቀም ቤት በዐቢይ ጾም መካከል ገዝቶ አንጥሮ ቢያስቀምጥ ለበዓሉ በእጥፍ ከመግዛት ይድናል። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ዋጋው መውጣት ስለሚጀምር እስከዚያ አይጠብቁ።

ደረጃ 4፦ የእንጀራውን እህል ይቀላቅሉ፣ ጋገራውን ያሰባስቡ

ማኛ ጤፍ ለዓይን ያምራል፣ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ ግን በምግብነታቸው ከእሱ አያንሱም፣ ዋጋቸውም ይቀንሳል። ከ25 ኪሎ ሰርገኛ ጤፍ ጋር 10 ኪሎ ነጭ ማሽላ ቀላቅለው ያስፈጩ። የማሽላው መጠን ከዚህ ሲበልጥ እንጀራው በማግስቱ ይሰባበራል፤ በዚህ መጠን ግን እስከ ሦስተኛው ቀን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ማሽላ ከጠፋ ሩዝ መቀላቀል ይቻላል፣ ነገር ግን ሩዝ እንጀራውን ያነጣዋል እንጂ አያጠነክረውም፣ ቶሎም ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ከአምስት እጅ አንድ እጅ አይለፍ።

ሊጡ ሦስት ቀን በደንብ ይቡካ። መቡካቱ ለጣዕምና ለዓይን ብቻ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ ሰውነት እንዳያገኘው የሚያደርገው ነገር በቡኮው ይቀንሳል። አብሲት መጣልም አይተው፣ ምክንያቱም አብሲት የሌለው የተቀላቀለ ሊጥ ዓይን አያወጣም፣ እንጀራውም ይደርቃል።

የእኛ ምጣድ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስድስት ያህል እንጀራ ያወጣል፤ የእርስዎን አንድ ቀን ቆጥረው ይጻፉት። በዚህ ስሌት 35 ኪሎው በቀን ሰባት እንጀራ ይሰጣል። በየቀኑ ከመጋገር በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ሃያ አንዱንም ይጋግሩ፤ ምጣዱ እስኪግል የሚበላው ኤሌክትሪክ ለአንድም እንጀራ ለሃያም ያው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት ስለሚይዝ ለመጨረሻው እንጀራ ሊጡን ካፈሰሱ በኋላ ሶኬቱን መንቀል ይችላሉ። ትኩሱ እንጀራ ሳይበርድ ሞሰብ ወይም ላስቲክ ውስጥ ከገባ ላቡ ሻጋታ ያመጣበታል፤ በሰፌድ ላይ አብርደው ያስገቡ።

ደረጃ 5፦ ሽሮውን ቤት ያዘጋጁ

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ድካም የሚጠይቀው ይህ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚክሰውም ይኸው ነው። ያለቀለት ሽሮ ሲገዙ ለፈጪው፣ ለቸርቻሪውና ለማሸጊያው ይከፍላሉ፤ በውስጡ ምን እንዳለ ግን አያዩም። አንድ ጊዜ ከሱቅ የገዛሁት ርካሽ ሽሮ ሲንተከተክ የአፈር ሽታ ነበረው፣ ምንም ያህል ዱቄት ቢጨመርበትም አልወፈረም። ከዚያ ወዲህ እህሉን በዓይኔ ሳላየው የተፈጨ ሽሮ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ለሁለት ወር የሚሆን 12 ኪሎ ሽሮ ለማግኘት 14 ኪሎ ገደማ ጥሬ ይግዙ፦ 6 ኪሎ አተር፣ 5 ኪሎ ሽምብራ፣ 3 ኪሎ ባቄላ። ልዩነቱ ገለባው ነው፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ይወስዳል። ከሱቁ ሽሮ ጋር ዋጋ ሲያወዳድሩ ይህን ጉድለትና የወፍጮውን ክፍያ ደምረው ይሁን።

ሀ) ጥራጥሬውን ሳይከካ፣ በድፍኑ ይግዙ። በሰፌድ ላይ ስስ አድርገው ዘርግተው ጠጠሩን፣ የነቀዘውንና የሻገተውን ይልቀሙ። በዚህ ጊዜ ጓያ መኖሩን አጥብቀው ይፈልጉ። የአተር ፍሬ ክብ ነው፣ የሽምብራው ጫፉ እንደ ምንቃር ወጣ ያለ ነው፤ ጓያ ግን እንደ መጥረቢያ ስለት ባለ ማዕዘንና ጠፍጣፋ ጎን ያለው፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ፍሬ ነው። ከተከካና ከተፈጨ በኋላ ለመለየት ስለሚያስቸግር መለየት የሚቻለው አሁን ብቻ ነው።

ለ) በፍጥነት አጥበው ውሃውን አጠንፍፈው በፀሐይ ያድርቁ፤ ካልደረቀ ሲታመስ ውጪው ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ሐ) እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻ በለዘብተኛ እሳት ያምሱ። ባቄላ ከአተር ዘግይቶ ይበስላል፣ አንድ ላይ ከታመሱ አንዱ ያራል። ሽታው ሲወጣና ከፍሬው ጥቂቱን ሲሰብሩት ውስጡ ወርቃማ ሲሆን ይበቃዋል።

መ) ወፍጮ ቤት አስከክተው፣ ቤት በሰፌድ አንገዋለው ገለባውን ያውጡ።

ሠ) ደረቅ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ኮረሪማና ጨው ይጨምሩ። ቤትዎ የሚወደው ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬም አሁን ይገባል። እኔ ግን ግማሹን ነጭ ሽሮ አድርጎ መተውን እመርጣለሁ፤ ትንንሽ ልጆች ይበሉታል፣ አልጫም ይወጣዋል።

ረ) ወፍጮ ቤት ወስደው ያስፈጩት። ተራዎ ሌላ ሰው በርበሬ ወይም ጤፍ አስፈጭቶ ከወጣ በኋላ ወዲያው ከሆነ ጥቂት እፍኝ እህል መጀመሪያ አስፈጭተው ለብቻ ያስቀምጡ፤ ወፍጮው ውስጥ የቀረው የሌላ ሰው ዱቄት የሚወጣው በዚያ ነው። ቤት ሲደርሱ ሽሮውን በንጹህ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ሙሉ በሙሉ ያቀዝቅዙና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይክተቱ።

ለአምስት ሰው አንድ ማዕድ 200 ግራም ሽሮ ይበቃል። እብጠት እንዳይኖረው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ከጨመሩት በኋላ በዝግታ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይንተክተክ፤ በጥድፊያ የወጣ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ስለሚል ብዙ ዘይት የሚጠይቅ ይመስላል።

ደረጃ 6፦ ጥራጥሬውን ዘፍዝፈው በጋቢ ያብስሉ

ሽምብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በውሃ ይዘፈዘፉ፤ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት መጣድ ማለት ነው። የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፣ በአዲስ ውሃ ይቀቀላል። ይህ የመፍያውን ጊዜ ያሳጥራል፣ ሆድ የመንፋቱን ነገርም ይቀንሳል። ምስርና ክክ መዘፍዘፍ የግድ አያሻቸውም።

ጨው፣ ቲማቲምና ሎሚ የሚገቡት ፍሬው ከለሰለሰ በኋላ ነው። ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ፍሬው ደርቆ ይቀራል፣ ከሰሉም ያልቃል።

አሁን ወደ ጋቢው እንምጣ። ድስቱ በኃይል ፈልቶ ሽምብራው በከፊል ሲበስል፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ ከእሳት ያውርዱት፣ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡት፣ ከሥርም ከላይም ከጎንም በጋቢ አጥብቀው ይጠቅልሉት። የታፈነው ሙቀት ያለ ምንም ማገዶ ማብሰሉን ይቀጥላል። ከሦስት ሰዓት በኋላ አውጥተው ድጋሚ ያፍሉት፤ አንድ ፍሬ በሁለት ጣት ሲጫን ፈርሶ ቆዳው ብቻ ከቀረ በስሏል። ዘዴው የሚሠራው ድስቱ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ከባድ ክዳን ሲኖረው ነው፤ ጥቂት ምግብ ሙቀት አይይዝም። ከአራት ሰዓት በላይ ተጠቅልሎ አይቆይ፣ ለብ ያለ ምግብ ይበላሻልና።

አንድ ጊዜ የተቀቀለውን 1 ኪሎ ሽምብራ ይክፈሉት፦ ግማሹ ለልጆች ንፍሮ፣ ግማሹ ለማግስቱ ወጥ።

ደረጃ 7፦ ዘይቱን በማንኪያ፣ ሽንኩርቱን በራስ ይቁጠሩ

ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን 333 ያህል የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይይዛል። በቀን 9 ማንኪያ ሲጠቀሙ 37 ቀን ይደርሳል፤ ወር አልፎ ሳምንት ይተርፋል ማለት ነው። ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ውስጥ ማፍሰስ ይቁም። ጀሪካኑን በእስክርቢቶ በአምስት መስመር ይክፈሉት፤ አንዱ መስመር ለአንድ ሳምንት ነው፣ መስመሩን ቀድሞ ያለፈ ሳምንት ወዲያው ይታያል። ዘይቱን ጨርሶ ማጥፋት ግን ስህተት ነው፤ በጎመን፣ በካሮትና በዱባ ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ሰውነት የሚያገኘው ምግቡ ጥቂት ቅባት ሲኖረው ነው፣ ለልጆችም ዘይት ጉልበት ነው።

ሽንኩርት ሲወደድ ቁሌቱን ያለ ዘይት ይጀምሩት። በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት በደረቅ ድስት ክዳኑን ገጥመው በዝቅተኛ እሳት ያስቀምጡት፤ የራሱ ውሃ ወጥቶ እስኪለሰልስ ያማስሉት፣ ሲይዝም በማንኪያ ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ ቀለሙ ሲጠቁር ብቻ ዘይቱን ይጨምሩ። በዚህ መንገድ ለአምስት ሰው የምስር ወጥ ሁለት መካከለኛ ራስና ሦስት ማንኪያ ዘይት ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሽንኩርት የማይበዛበት አልጫ ይሠራ።

ደረጃ 8፦ ቅጠላ ቅጠል በየቀኑ ማዕድ ላይ ይኑር

ጎመኑን ከመክተፍዎ በፊት ይጠቡት፤ ተከትፎ ሲታጠብ ጥቅሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ቀቅሎ ውሃውን መድፋትም እንዲሁ ነው፤ በጥቂት ውሃ ክዳን ገጥመው ያብስሉና ውሃውን እዚያው ያምጡት። የቆስጣውን አገዳ አይጣሉት፣ በደቃቁ ከትፈው ከቅጠሉ አምስት ደቂቃ አስቀድመው ይጨምሩት።

ምስር፣ ሽሮና ጎመን ላይ ማዕድ ሲቀርብ ጥቂት ሎሚ ይጨመቅ ወይም ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም አጠገቡ ይቀመጥ፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ የጥራጥሬውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው ይጠጡ። ይህ ወጪ የለውም፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ግን ትልቅ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 9፦ የሳምንቱን ማዕድ እሁድ ማታ ይወስኑ

ምን እንደሚሠራ ያልታወቀበት ምሽት ወደ ሱቅ ያስኬዳል። የእኛ ቤት ሳምንት ይህን ይመስላል፤ ጎመን ወይም ቆስጣ ባልተጻፈበት ቀንም ጥቂቱ ከጎን ይቀርባል። በልማድዎ ይቀይሩት።

- ሰኞ፦ ሽሮና ጎመን
- ማክሰኞ፦ ክክ አልጫ፣ ቲማቲም በቃሪያ
- ረቡዕ፦ ምስር ወጥ፣ ድንችና ካሮት
- ሐሙስ፦ ሽሮ፣ እንቁላል በቲማቲም ለልጆች
- ዓርብ፦ ሽምብራ ወጥ፣ ቆስጣ
- ቅዳሜ፦ ድንችና ጥቅል ጎመን አልጫ፣ ድፍን ምስር
- እሁድ፦ ዱባ ወጥ በምስር፣ ወይም አቅም ሲፈቅድ ጥቂት ሥጋ ከክክ ጋር

ቁርስ ቅንጬ፣ ቂጣ፣ አጥሚት ወይም ፍርፍር ነው። ለትምህርት ቤት ብስኩት ከመግዛት ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም የተቀቀለ ድንች ይቋጠር። ለአንድ ልጅ አንድ እፍኝ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከአንድ ትንሽ ብስኩት ይልቅ ያጠግባል፣ ዋጋውም ያንሳል።

30ው እንቁላል ለአምስት ሰው እኩል አይከፋፈልም። ቅድሚያ ከ6 ወር በላይ ለሆነው ሕፃን፣ ከዚያ ለትንንሾቹ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ወይም ለምታጠባ እናት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ በጥቂት ጉርሻ ብዙ ጥቅም የሚሰጥ ምግብ ይፈልጋል፤ ቀጭን አጥሚት ብቻውን አይበቃውም።

ደረጃ 10፦ የተረፈውን እንጀራ በዕለቱ ይለዩ

በሁለተኛው ቀን የቀረው እንጀራ ለፍርፍር ይቀመጥ። ሦስተኛው ቀን ላይ የሚተርፍ ከመሰለ ግን ሳይሻግት ቆራርሰው በፀሐይ ላይ በሰፌድ አስጥተው ድርቆሽ ያድርጉት። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ የሚተጣጠፍ ከሆነ ውስጡ እርጥበት ስላለ ይሻግታል።

ማስጠንቀቂያ

- ጓያ። ለረጅም ጊዜ በብዛት የተበላ ጓያ እግርን እስከ መጨረሻ ሽባ ያደርጋል። ርካሽ ስለሆነ ከክክና ከሽሮ ጋር ተቀላቅሎ ሊሸጥ ይችላል። ከገበያው ዋጋ በጣም ያነሰ ሽሮ ሲቀርብልዎ ይጠርጥሩ።
- ቦሎቄ። መጀመሪያ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ሳይፈላ በዝቅተኛ ሙቀት ወይም በጋቢ ብቻ አይብሰል፤ በደንብ ያልፈላ ቦሎቄ ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል።
- ሻጋታ። የሻገተ ለውዝ፣ በቆሎ ወይም በርበሬ ታጥቦም ተቆልቶም አይድንም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በሙቀት አይጠፋምና ይጣል።
- ከሰል። ምድጃ በተዘጋ ክፍል አይንደድ፣ ለሙቀት ተብሎም ሌሊት ቤት ውስጥ አይደር። የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።
- ድንች። የአረንጓዴውን ክፍልና የበቀለውን ዓይን በጥልቀት ቆርጠው ያውጡ፤ አብዛኛው አረንጓዴ ከሆነ ይጣል። ጨለማ ቦታ፣ ከሽንኩርት ተለይቶ ይቀመጥ።

የተለመዱ ስህተቶች

ብዙ ሰው ቁጠባ ሲጀምር መጀመሪያ የሚቀንሰው ምስርና ክክን ነው፤ እንጀራው ግን አይቀነስም። ሆድ ይሞላል፣ ልጆቹ ግን ቶሎ ይርባቸዋል፣ ዳቦና ብስኩት ይጠየቃል፣ የተቆጠበው ከሰዓት በኋላ ይወጣል።

ሌላው በርካሽ ተገኘ ተብሎ የሚበላሽ ነገር በብዛት መግዛት ነው። 10 ኪሎ ቲማቲም ገዝቶ አራቱን መጣል ቁጠባ አይደለም። በጅምላ የሚገዛው የሚቆየው ብቻ ነው፦ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይት፣ በደንብ የደረቀ ሽንኩርት።

አዮዲን ያለውን ጨው ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም የተለመደ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን ያባክኑታል። ከድነው ያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወርድ ሲልም ይጨምሩት።

እህሉን በቀጥታ መሬት ላይ ማስቀመጥ ከሥር እርጥበት ያስገባበታል፤ ጆንያው በሳንቃ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ ይቁም። አሮጌ እህል ባለበት ባልዲ ላይ አዲሱን አይጨምሩ፤ ነቀዙ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይተላለፋል። ባልዲውን ጨርሰው፣ ጠርገው፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ደፍተው ካቆዩት በኋላ ይሙሉት።

የመጨረሻው ወሩ እስኪያልቅ ሳይለኩ መቆየት ነው። በ20ኛው ቀን ባልዲዎቹን ከፍተው ይመዝኑ፤ ከወሩ ድርሻ 2 ኪሎ ሽሮ፣ 1 ኪሎ ምስር፣ 1 ኪሎ ክክና 12 ኪሎ ገደማ የእንጀራ እህል ሊኖር ይገባል። ከዚህ ያነሰውን በደብተሩ ላይ ይጻፉና ለሚቀጥለው ወር በዚያው ልክ ጨምረው ይግዙ፤ ለቀሩት አሥር ቀናት ደግሞ ከእንጀራው ድርሻ ጥቂቱን በድንችና በቅንጬ ይተኩ።